ሞተሩ ያወጣዎታል፤ የሚያወርድዎት ፍሬን ነው

ጥያቄ፦ «48 ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ጅማ ዙሪያ ማውንቴን ባይክ እነዳ ነበር፤ ካቆምኩ 11 ዓመት አለፈኝ። አሁን የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ቀኝ ጉልበቴም ዳገት ላይ ያመኛል። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ልመለስ አስቤያለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ ያገለገለ፣ ሞተሩ መሀል ፔዳሉ ጋ የሆነ፣ ባለ 500 ዋት-ሰዓት ባትሪ ብስክሌት ሊያመጣልኝ ይችላል። ወይስ ቤት የተቀመጠውን ባለ 26 ኢንች ብስክሌቴን የሞተር ኪት ላስገጥምበት? ሐሳቤ ወደ ጅሬን መውጣትና በሰቃ መንገድ ያሉትን ፒስታዎች መንዳት ነው። በክረምት ይሆናል? መብራት ሲጠፋስ ባትሪውን ምን ላድርገው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ ይሆናል። ከሁለቱ ዘመድዎ የሚያመጡትን ይያዙ፤ የድሮው ብስክሌት ለሜዳ ይቆይ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄዎ ውስጥ የሌለውን ላንሳ። ስለ መውጣት፣ ስለ ባትሪና ስለ ክረምት ጠይቀዋል፤ ስለ መውረድ አንድም ቃል የለም። ከዓመታት በኋላ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚመለስ ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው ደግሞ ሲወርድ ነው። ድሮ ዳገቱ ራሱ ይመዝንዎት ነበር፤ እግርዎ ያላደረሰዎት ቦታ አይደርሱም፣ ስለዚህ ከአቅምዎ በላይ የሆነ ቁልቁለት አናት ላይ ቆመው አይገኙም። ሞተሩ ይህን ሚዛን ያነሳዋል። እጅዎና ዓይንዎ ገና ሳይነቁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጅሬን አናት ላይ ያደርስዎታል።

ሒሳቡን እንየው። እርስዎ 80 ኪሎ ቢሆኑ፣ ብስክሌቱ 24 ኪሎ ቢመዝን፣ ውሃና መፍቻ የያዘው ቦርሳ 6 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 110 ኪሎ ነው። 110 ኪሎን 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 30 ዋት-ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። 300 ሜትር ከወጡ 90 ዋት-ሰዓት ሆነ። ይህ ኃይል አይጠፋም፤ ከፍታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። ሲወርዱ ነፋስና ጎማ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ ቀስ ብለው በጠመዝማዛ መንገድ ከወረዱ ግን አብዛኛው እነዚያ ሁለት ስስ የፍሬን ዲስኮች ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጅማ ከፍታ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጀበና ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሞተሩ መሀል የሆነ ብስክሌት ደግሞ ሲወርድ ባትሪውን መልሶ አይሞላም፤ ሁሉም በፍሬኑ በኩል ያልፋል። የድሮው ብስክሌትዎ ምናልባት 13 ወይም 14 ኪሎ ነበር፤ አሁን 10 ኪሎ ተጨምሮበታል፣ እርስዎም እንደ ድሮው ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ብስክሌቱ እጅዎ ሲገባ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ። የፊቱ ዲስክ ዲያሜትር 200 ወይም 203 ሚሊሜትር፣ የኋላው ቢያንስ 180 ቢሆን ለጅማ ዙሪያ ቁልቁለት ይበቃል። 160 ከሆነ የፊቱን ያስቀይሩ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ከዲስኩ ጋር የሚሄደውን የፍሬን ማራቂያ ቁራጭ ብቻ አብረው ይግዙ። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ተቀርጿል፤ በብዙዎቹ 1.5 ሚሊሜትር ነው። በጥፍርዎ ዳርና ዳሩን ሲዳስሱ ግልጽ ጠርዝ ከተሰማዎ ተበልቷል ማለት ነው።

የፍሬን ሸራውን ለማየት ጎማውን ፈተው ያውጡና ሸራውን ከነብረቱ ይምዘዙት። የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ ከብረቱ ላይ ያለው ሸራ ከካርዱ ብዙ የማይበልጥ ከሆነ ይቀየር። በደረቅ ወቅት ወራት የሚያገለግል ሸራ በሐምሌ ጭቃ በጥቂት ጉዞ ሊያልቅ ይችላል፤ ቀዩ አፈር ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋልና። ሸራ ሁለት ዓይነት አለ፤ ለስላሳው የሬዚን ነው፣ ጠንካራው ብረት የተቀላቀለበት ነው። ለክረምት ጠንካራው ይሻላል፤ ይጮኻል፣ ግን ይቆያል፣ ሙቀትም ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲስኩ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ካለ ጠንካራውን አያስገቡበት፤ ዲስኩ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ራሱ ይበላል።

ዘይቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፍሬን እጀታው ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው፤ ሌሎች ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። ዶት 4 ማንኛውም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላለ ጅማ ላይ የሚቀናው እሱን መጨመር ነው። በማዕድን ዘይት የሚሠራ ፍሬን ውስጥ ዶት ከገባ ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ያብጣሉ፤ እጀታው ሲለቁት አይመለስም፣ ወይም ማንጠብጠብ ይጀምራል። ያ ፍሬን ከዚያ በኋላ አይድንም። ዓይነቱን ካላረጋገጡ ምንም አይጨምሩ።

አዲስ ሸራ ወይም አዲስ ዲስክ ሲገባ መጀመሪያ ይለማመድ። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንዱና አንዱን ፍሬን ብቻ ጠንከር አድርገው ይዘው ወደ እርምጃ ፍጥነት ያውርዱት፤ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ሙሉ በሙሉም ሳይቆም ይልቀቁት። ለፊቱ 20 ጊዜ፣ ለኋላው 20 ጊዜ። ይህ ሳይደረግ ቀጥታ ቁልቁለት ላይ የወጣ ሸራ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ቢጨብጡትም አይዝም።

ሌላም አለ። ጎማ ሲተነፍስ ብስክሌቱን ገልብጦ በመሪውና በኮርቻው ማቆም የድሮ ልማድ ነው። የዘይት ፍሬን ባለው ብስክሌት ይህ አየሩን ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ቱቦው ይልከዋል፤ ሲያነሱት እጀታው ለስላሳ ሆኖ እስከ መሪው ይመጣል። ገልብጠውት ከነበረ ያቁሙትና ከመነሳትዎ በፊት እጀታዎቹን ደጋግመው ይጨብጡ፤ ጥንካሬው ካልተመለሰ አይውረዱበት። ጎማው ወጥቶ ሳለ ደግሞ እጀታውን በፍጹም አይጫኑ፤ ፒስተኖቹ ይወጡና ዲስኩን የሚያስገቡበት ቦታ ያጣሉ።

አወራረዱ ላይ ከ11 ዓመት በኋላ ሰውነት የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ፍሬንን ይዞ መልቀቅ። ሰው ሲፈራ ሁለቱንም ፍሬን በስሱ እንደያዘ ከአናት እስከ ታች ይወርዳል። በጣም የሚጎዳውም ይኸው ነው፤ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት አንድም ሰኮንድ አያገኝም። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ በሁለቱም ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ይጨርሱ። አንድ ጣት እጀታው ጫፍ ላይ፣ የቀሩት መሪውን ይይዛሉ። ከኮርቻው ተነስተው፣ ሁለቱም ፔዳሎች ከመሬት እኩል ሆነው፣ ተረከዝ ዝቅ ብሎ፣ ክርንና ጉልበት ላላ ብለው ይቁሙ። እጅዎ ሲደነዝዝ ወይም የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ይቁሙና ሦስት አራት ደቂቃ ይስጡት። በዚያች ሰዓት ዲስኩ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ቢጥሉ ቸስ ይላል፤ በጣትዎ አይንኩት፣ ለማቀዝቀዝ ብለውም ውሃ አያፍሱበት፣ ይጣመማል።

አሁን ስለ ድሮው ብስክሌት። ሞተር የሚገጠምበት ቦታ ሁለት ነው፤ ጎማው መሀል ሙዞው ላይ ወይም ፔዳሉ ጋ። ሙዞ ላይ የሚገጠመው ርካሽ ነው፣ ሜዳ ላይም ጥሩ ያገለግላል። ዳገት ላይ ችግሩ ይህ ነው፦ ሞተሩ ከጎማው ጋር እኩል ስለሚዞር ማርሽ መቀየር አያግዘውም። ለ25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተሠራ ሞተር በ7 ኪሎ ሜትር ሲጎተት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የበላውም አብዛኛው ጎማውን ማዞሩ ቀርቶ ሙቀት ይሆናል። ውስጡ ጥርስ ያለው ከሆነ የፕላስቲክ ጥርሶቹ ለስልሰው ይላጫሉ። ፔዳሉ ጋ ያለው ሞተር ግን በካቴናው በኩል በራስዎ ማርሽ ይሠራል፤ ዳገቱ ሲበረታ ቀላሉን ማርሽ ከሰጡት ሞተሩ በደስታው ፍጥነት ይዞራል።

«እንግዲያው የድሮው ላይ የመሀሉን ኪት ልግጠም» ይሉ ይሆናል። እንደ ባፋንግ ያሉ ኪቶች የፔዳሉ መያዣ ስፋት 68 ወይም 73 ሚሊሜትር የሆነ ክፈፍ ላይ ይገባሉ፤ መለካት ቀላል ነው። ነገር ግን 26 ኢንቹ ብስክሌት በጎማው ጠርዝ ላይ የሚጨብጥ ፍሬን ካለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በእርጥብ ጊዜ ቸርኬውን ራሱን ይሞርደዋል፤ ቸርኬው ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ አንድ ቀን በጎማው አየር ግፊት ይሰነጠቃል። የፊት ሹካው ቀጭን ስለሆነ በፍሬን ጊዜ ይታጠፋል፣ ግራሶው ደርቋል፣ ጎሚኒዎቹም አርጅተዋል። ኪቱ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው የፊት ጥርስም 44 ወይም 46 ስለሆነ ለእኛ ዳገት ከባድ ነው። አንድ አደጋም አለ፤ አንዳንድ ኪት ፔዳል መምታት ካቆሙ በኋላም ለአፍታ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ፍሬን ሲነካ ሞተሩን የሚያጠፋ እጀታ ግድ ነው። ይህንን ሁሉ አስተካክሎ ለመጨረስ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ብስክሌት ይገዛል።

ፋብሪካ የሠራው ብስክሌት የራሱ ጣጣ አለው፤ ከመምጣቱ በፊት ካልታሰበበት ቤት የሚቀመጥ ዕቃ ይሆናል። ትልቁ ባትሪው ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም፤ የእርስዎ 500 ነው። ዘመድዎ ብስክሌቱን አሽገው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ባትሪውን ትተው እንዲሄዱ ይገደዳሉ። ባትሪው እንደ አደገኛ ዕቃ በጭነት በኩል፣ በአግባቡ ታሽጎና ተመዝግቦ መምጣት አለበት፤ ይህ መንገድ መኖሩን ሳያረጋግጡ ብስክሌቱን አይግዙ። «እዚህ ሌላ ባትሪ እገጥማለሁ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም፤ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሞተሮች ከራሳቸው ባትሪ ውጭ አይነሱም።

ባትሪው ሲደርስ ከመሙላትዎ በፊት በቮልት መለኪያ ይለኩት። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ውስጡ 10 ተከታታይ ሕዋሶች አሉት፤ ሲሞላ 42 ቮልት ያሳያል፣ 30 ቮልት አካባቢ ባዶ ነው። ከ25 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ ውስጡ ተበላሽቷልና መሙላት አደገኛ ነው። ይህ የሚሠራው መውጫ ጫፎቹ ላይ ቮልት በቀጥታ በሚነበብባቸው ባትሪዎች ነው፤ አንዳንዶቹ ከብስክሌቱ ጋር ሳይገናኙ ዜሮ ያሳያሉ፣ እነዚያን የባትሪው መብራቶች ይነግሩዎታል።

500 ዋት-ሰዓት የት ያደርሳል? ወደ ሒሳባችን እንመለስ። በመካከለኛው የእገዛ ደረጃ ሞተሩ ከእርስዎ ጋር ሥራውን ግማሽ ለግማሽ ገደማ ቢካፈል፣ በሞተሩ የሚባክነውና ፒስታው የሚጎትተው ተጨምሮ ለ100 ሜትር ከፍታ 20 እስከ 25 ዋት-ሰዓት ይያዙ። በከፍተኛው ደረጃ ከ30 በላይ ይሄዳል። አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ካስቀሩ በቀሪው 400 ዋት-ሰዓት በመካከለኛው 1,600 ሜትር ገደማ፣ በከፍተኛው ወደ 1,200 ሜትር ይወጣሉ። ያገለገለ ባትሪ ግን ከአቅሙ ሩብ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች የዚህን ግማሽ አስበው ያውጡ። ባትሪው ካለቀ 24 ኪሎ ብስክሌት በጉልበትዎ ይዘው መመለስ ነው፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም።

ስለ መብራት። ባትሪውን የሚጎዳው የመብራት መጥፋት ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፣ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሰኩ፣ ቢቻል በስታብላይዘር በኩል። በግማሽ መንገድ የተቋረጠ ሙሌት ሊቲየምን አይጎዳውም፤ «መጀመሪያ ይጨረስ» የሚለው ምክር ለጥንት ባትሪዎች ነበር። ለዘወትር 80 በመቶ ይበቃል፤ ለረጅም ጉዞ ዋዜማ 100 ያድርሱት። ለሳምንታት የማይነዱ ከሆነ ከ30 እስከ 60 በመቶ ላይ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያኑሩት፣ በየወሩም ይዩት። ከዳገት ሲመለሱ ትኩስ ባትሪ አይሙሉ፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ሲሞላ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ የራቀ ይሁን፤ መውጫ በሩ አጠገብም አይሁን፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለም አይሙሉት። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ አይሞላም። ቻርጀሩም የራሱ ብቻ ነው፤ የባጃጅ ወይም የመኪና ባትሪ ቻርጀር ለሊቲየም እሳት መለኮሻ ነው።

ጎማ ላይ አልቆይም። ስፋቱ 2.4 ኢንች አካባቢ፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ይሁን፤ የተቀራረበ ጥርስ በጭቃ ይደፈናል። ካላማዳሪያ ካለው ለእርስዎ ክብደት ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይሞክሩ፤ ከዚያ ሲወርድ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ካላማዳሪያው በቸርኬው ተቆንጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል። እንዲህ ጥንድ የሆነ ቀዳዳ ካዩ እሾህ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው። ቱብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪያ የሌለው ከሆነ ከ22 እስከ 26 ይበቃዋል፤ እሾህ የበሳውንም ውስጡ የሚጨመረው መድፈኛ ፈሳሽ ይደፍነዋል፣ ለአንድ ጎማ 100 ሚሊሊትር ገደማ፣ በየሦስት ወሩ እየታየ። ቫልቩ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ጎሚስታው ጋ ያለው የአየር ቱቦ አይገባበትም፤ ትንሿን የነሐስ ማገናኛ ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ።

ክረምትን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ጥያቄው ግን «ክረምት ነው ወይ» ሳይሆን «አፈሩ የትኛው ነው» መሆን አለበት። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ላዩ ሳሙና ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ አንድ ቀን ፀሐይ ካገኘ ይነዳል። እንደ ቦዬ ያለው ረግረግ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ሌላ ነው፤ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በክፈፉ መሀል ተጠቅጥቆ ይጠነክርና ጎማውን ያስቆመዋል። ሞተሩ ግን መግፋቱን አያቆምም፤ ካቴና የሚበጠሰው፣ ማርሽ ቀያሪው ተጎትቶ ወደ ጎማው ሽቦ የሚገባው እንዲህ ነው። ጎማው ሲከብድ ከተሰማዎ ወዲያው ይውረዱና በእንጨት ያንሱለት፤ ሞተር ጨምረው ልውጣ ያሉ እንደሆነ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ከቆመበት አይነሱ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሲገፋ የኋላ ጎማው ባለበት ይዞራል። ዝቅተኛ ደረጃ፣ አንድ ሁለት ማርሽ ከበድ ብሎ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ክብደቱን ወደ ኋላ ይስጡት። ቁልቁል ከሆነና ድጥ ከሆነ መውረድና መግፋት ነውር የለውም፤ ብስክሌቱን በግራ በኩል ሆነው፣ ፍሬኑን ይዘው።

ከጭቃ በኋላ መኪና እጥበት ቤት ወስደው በግፊት ውሃ አያሳጥቡት። ውሃው የኩሽኔታዎቹንና የሞተሩን ጎሚኒ አልፎ ይገባል፤ ጉዳቱ ዛሬ ሳይሆን ከሁለት ወር በኋላ በዝገትና በጩኸት ይታያል። ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ከዚያ የባትሪውን መሰኪያ በጨርቅ ያድርቁ፣ ካቴናውን ጠርገው በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት ያድርጉ፤ የሚረጭ ዘይት አይጠቀሙ፣ ዲስኩ ላይ ከተረጨ የፍሬን ሸራው ይጣላል። ዲስኩን በፋርማሲ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ከእጥበት በኋላ ሞተሩ እምቢ ካለና ስክሪኑ የስህተት ቁጥር ካሳየ፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) ሞተ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት የኋላ ጎማው ሽቦ ላይ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ይዩ። ሣር ወይም ጭቃ ገፍቷት ከፍጥነት ሴንሰሩ ርቃ ይሆናል። በብዙ የቦሽ ሞተሮች ላይ ርቀቱ ከ5 እስከ 17 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

ካቴናውን ሞተሩ ከድሮው በብዙ ፍጥነት ይበላዋል። በማስመሪያ ይለኩት፦ አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን መሀል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሀል 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.3 ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ይቀይሩ፤ ችላ ካሉት የኋላ ጥርሶቹንም ይበላና ወጪው እጥፍ ይሆናል። ማርሽ ሲቀይሩ ደግሞ ለግማሽ ዙር ፔዳሉን ላላ ያድርጉ፤ በሙሉ ግፊት ላይ የተቀየረ ማርሽ ካቴና ይበጥሳል። ዳገቱ ፊትዎ ሲታይ ቀድመው ይቀይሩ፣ መሀሉ ላይ ሲጨነቁ አይደለም።

ስለ ሰውነትዎ። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ስምም ይጠይቁ። አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚያወርዱ በሰዓት ላይ የሚታየው የልብ ምት ቁጥር ድካምዎን በትክክል አይነግርዎትም። የሚሻለው ንግግር ነው፤ ዳገት ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልክ ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ ከሆነ የሞተሩን ደረጃ ይጨምሩ። ደረት ላይ መጫን፣ ማዞር ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ጉልበትዎ ከፊት በኩል የሚያምዎ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ከባድ ማርሽ ላይ ነዎት፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል። መነሻ ልኩ ቀላል ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች ያለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ይበል፤ ከዚያ በእግር ጣትዎ መነሻ ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል። እግርዎ በደቂቃ ከ70 እስከ 85 ዙር ይምታ። ለእርስዎ ጉልበት የሞተሩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው፤ ከባድ ማርሽ ከመርገጥ ያድንዎታል። ኮርቻውን ግን ለቁልቁለት ዝቅ ያድርጉት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጅሬንን ይርሱት። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ፣ በዝቅተኛው ደረጃ፣ ሜዳ ላይ። ከዚያ ውስጥ አሥሩን ደቂቃ ሣር ሜዳ ላይ ፍሬን ይለማመዱ፦ በፊቱ ብቻ ማቆም፣ በኋላው ብቻ ማቆም፣ ሆን ብለው የኋላውን አስቆልፈው መልቀቅ። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት እጅዎ ሳይደነግጥ ፍሬኑን ከለቀቀ ወደ ቀጣዩ አልፈዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት አጭር ዳገት ወጥቶ ያንኑ መንገድ መውረድ ነው፤ የወጡበትን ድንጋይና ቦይ ዓይንዎ አይቶታልና። ጅሬን ላይ ወዳለው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው መንገድ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ በማለዳ፣ ደረቅ ቀን ላይ። በሰቃ በኩል ዋናውን የቦንጋ መንገድ ከመኪና ጋር ከመጋፋት ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡትን ፒስታዎች ይምረጡ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ እንጨት የተሸከሙ እናት፣ አህያ የሚነዳ ልጅ ከኋላ መምጣትዎን አያውቁም። ደወል ይግጠሙ፣ ከሩቅ ይደውሉ፣ በእርምጃ ፍጥነት ይለፉ። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የመንገድ ዳር የተሰጣ ቡና ላይ እንዳይወጡ ከወዲሁ ይጠንቀቁ፤ የሰው የዓመት ልፋት ነው።

የድሮውን ሄልሜት አያውጡት፤ ከ11 ዓመት በኋላ ፎሙ አይታመንም፣ አዲስ ይግዙ። ረጅም ጣት ያለው ጓንት ከጉልበት መከላከያ ጋር ይያዙ።

ዘመድዎ ሻንጣቸውን ከመዝጋታቸው በፊት እነዚህን ይላኩላቸው፤ እዚህ ጅማ ላይ ፈልገው የሚያገኟቸው አይደሉምና። ስክሪኑን ከነማቀፊያው፣ በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከሌለ አይነሳም። የባትሪውን ሁለት ቁልፎች፣ ቁጥራቸውም ይጻፍ። የራሱን ቻርጀር፤ ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ወይም 220 አካባቢ የሚል ጽሑፍ ይኑርበት፣ ለ110 ብቻ የተሠራ ከሆነ እዚህ ይቃጠላል። ለፍሬኑ ልክ የሆኑ አራት ጥንድ ሸራዎች። የፍሬኑ ዓይነት የሚወስደው ዘይትና መሙያው። ከማርሹ ቁጥር ጋር የሚሄድ ሁለት ካቴናና ሦስት ፈጣን ማገናኛ። በመጨረሻም ማርሽ ቀያሪው የሚሰቀልባት፣ ከጣት የማትበልጥ የአሉሚኒየም ቁራጭ፤ ለዚያ ክፈፍ ብቻ የተሠራች ናት፣ አንድ ድንጋይ ያጣምማታል፣ ያለሷ ብስክሌቱ አንድ ማርሽ እንኳ አይቀይርም። ሁለት ያምጡ፤ የክፈፉን ስምና የተሠራበትን ዓመት ለሻጩ ቢያሳዩ ልኳን ይሰጧቸዋል።